ከኤሌክትሮዱ ሥር ያለውና ኤሌክትሮዱ የሰማው

ከላይ የታየ ራስ የሚመስል ክብ፣ አፍንጫው ወደ ላይ ሾል ያለ፣ ውስጡ ሃያ ያህል ነጥቦች የተበተኑበት ሥዕል ዛሬ ኢንተርኔት ለገባ ሁሉ በቀላሉ ይገኛል። በየነጥቡ ላይ ፊደልና ቁጥር ተጽፏል፤ ኤፍ3፣ ሲ4፣ ፒ3፣ ኦ1። የአንጎልን ኤሌክትሪክ ከራስ ቆዳ ላይ የሚመዘግበው የኢኢጂ ምርመራ ኤሌክትሮዶቹን የሚያስቀምጠው በእነዚህ ነጥቦች ላይ ነው። ሥዕሉ እዚህ ላይ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። ብዙውን ጊዜ ግን ከየነጥቡ ጎን ማብራሪያ ይለጠፍበታል፤ ይኼኛው የማቀድ ችሎታ፣ ያኛው የቋንቋ፣ ወዲያ ያለው የስሜት ማዕከል እየተባለ። ከዚያ ወዲያ መንገዱ ቁልቁለት ነው፤ ኤፍ3 ላይ ሞገዱ ከወትሮው ከተለየ የፊተኛው አንጎል ደክሟል ይባላል፣ ሕክምና የሚመስል ነገር ይታዘዛል፣ ገንዘብ ይከፈላል። ካርታው ውሸት ነው ማለቴ አይደለም። እንዲያውም በጥንቃቄ የተሠራና ደጋግሞ የተፈተሸ ሥራ ነው። ችግሩ ለአንድ ጥያቄ የተገኘው መልስ ለሌላ ጥያቄ መዋሉ ላይ ነው። ከዚህ ኤሌክትሮድ ሥር የትኛው የአንጎል ክፍል ይገኛል የሚለው አንድ ጥያቄ ነው፤ ይህ ኤሌክትሮድ የመዘገበው ሞገድ ከየት ተነሣ የሚለው ደግሞ ሌላ። ለመጀመሪያው ካርታው ከአንድ ሴንቲሜትር ብዙም በማይርቅ ስህተት መልስ ይሰጣል። ለሁለተኛው ግን በፍጹም አልተሠራም፤ ለዚያ የሚያውለው ሰው ሐኪም ይሁን ነጋዴ፣ ጋዜጠኛ ይሁን ተማሪ፣ ማስረጃ የሌለው ነገር እየተናገረ ነው።

ነገሩን ለመረዳት ካርታው እንዴት እንደተሠራ ማየት ይጠቅማል። ጀርመናዊው የአእምሮ ሐኪም ሃንስ በርገር በየና ከተማ የሰውን አንጎል ኤሌክትሪክ ለመጀመሪያ ጊዜ የመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1924 ሲሆን፣ ውጤቱን ያሳተመው በ1929 ነው። ዛሬ አልፋ የምንለውን ሞገድ ያገኘውም እሱ ነው፤ ሞገዱ ግን የመላው አንጎል የጋራ ሥራ እንደሆነ ያምን ነበር። በ1934 የካምብሪጆቹ ኤድጋር ኤድሪያንና ብራያን ማቲውስ ይህን አልተቀበሉትም፤ ሞገዱ በዋናነት የሚመነጨው ከኋላ በኩል፣ ከእይታ ጋር ከተያያዘው የአንጎል ክፍል እንደሆነ አሳዩ። "ከየት?" የሚለው ሙግት ከኢኢጂ ጋር አብሮ የተወለደ ነው ማለት ይቻላል። ይሁን እንጂ በቀጣዮቹ ዓመታት እያንዳንዱ ቤተ ሙከራ ኤሌክትሮዶቹን በመሰለው ቦታ ይለጥፍ ስለነበር የሞንትሪያሉን መዝገብ ከለንደኑ ጋር ማስተያየት አስቸጋሪ ሆነ። በ1947 ለንደን ላይ የተሰበሰቡት ባለሙያዎች አንድ ወጥ አሠራር እንዲወጣ ተስማሙና ሥራው በሞንትሪያል የነርቭ ተቋም ለሚሠራው ለኸርበርት ጃስፐር ተሰጠ። የመጨረሻው ሰነድ በ1958 ታተመ፤ እስከ ዛሬም የ10-20 ሥርዓት እየተባለ በመላው ዓለም ይሠራበታል።

አሠራሩ ሲታይ ከልብስ ሰፊ ሥራ የሚርቅ አይመስልም። ባለሙያው የመለኪያ ሜትሩን በአፍንጫና በግንባር መገናኛ ላይ ካለችው ጎድጓዳ ይይዝና በአናት ላይ አሳልፎ ከማጅራት በላይ በጣት ሲዳሰስ እስከሚገኘው የአጥንት ጉብታ ድረስ ይለካል። 36 ሴንቲሜትር መጣ እንበል። ከፊት በኩል አሥር በመቶውን፣ ማለትም 3.6 ሴንቲሜትር ቆጥሮ በእርሳስ ምልክት ያደርጋል፤ ከዚያ በኋላ በየሃያ በመቶው፣ በየ7.2 ሴንቲሜትሩ አራት ጊዜ ይሄዳል፤ ጉብታው ጋ ሲደርስ የቀረው እንደገና አሥር በመቶ ነው። ከጆሮ እስከ ጆሮም እንዲሁ ይደረጋል፤ ዙሪያውም ይለካል። የግራው ወገን ጎዶሎ ቁጥር፣ የቀኙ ሙሉ ቁጥር ያገኛል፤ መሐል ለመሐል ያሉት ዜድ የምትባል ፊደል ትጨመርላቸዋለች። የጃስፐር ብልሃት ርቀቱን በሴንቲሜትር ከመደንገግ ይልቅ በመቶኛ ማስላቱ ላይ ነው፤ የራሱ ርዝመት 30 ሴንቲሜትር የሆነ ሕፃንና 38 የሆነ ጎልማሳ አንድ ዓይነት ካርታ ይደርሳቸዋል። የሚለካው ግን ሁሉ አጥንት መሆኑን ልብ ይሏል። ጎድጓዳውም ጉብታውም የራስ ቅል ምልክቶች ናቸው፤ እስከዚህ ድረስ ስለ አንጎል የተባለ ነገር የለም።

ጃስፐር ይህን ስለሚያውቅ አጥንቱ ምን እንደሸፈነ ለማየት ወደ አስከሬን ሄደ። በሟቾች ራስ ላይ ነጥቦቹን ለክቶ ምልክት አደረገ፣ በየነጥቡ የራስ ቅሉ ተሰረሰረ፣ በቀዳዳው በኩል የአንጎሉ ገጽ በቀለም ተነካ፣ ከዚያ አንጎሉ ወጥቶ ቀለሙ የት እንዳረፈ ታየ። ካርታው አንጎልን የነካው ያን ጊዜ ነው። ሲቲ ስካንና ኤምአርአይ ከመጡ ወዲህ ደግሞ በሕያዋን ሰዎች ላይ ተፈትሿል። በ2004 የታተመ ጥናት በ17 ጤነኛ ፈቃደኞች ላይ ነጥቦቹን ከሥራቸው ካለው የአንጎል ገጽ ጋር አዛምዶ፣ ከሰው ሰው ያለው ልዩነት በአማካይ 8 ሚሊ ሜትር ያህል መሆኑን አገኘ። በሜትርና በእርሳስ ለሚሠራ ሥራ ይህ የሚያስከብር ውጤት ነው። ሆኖም 8 ሚሊ ሜትር አንድን የአንጎል እጥፋት ከጎረቤቱ ለመለየት አይበቃም፤ በተለይ ማብራሪያውን የሚለጥፉት ሰዎች እንደሚያደርጉት የብሮድማን ቁጥሮችን በየነጥቡ ላይ መጻፍ ሲመጣ። ኮርቢኒያን ብሮድማን በ1909 አንጎልን የከፋፈለው በማይክሮስኮፕ የሕዋሳቱን አደራደር አይቶ ነው፤ ድንበሮቹ ከላይ በዓይን አይታዩም፣ ከሰው ሰውም አይጸኑም። በ1999 የአሥር ሰዎችን አንጎል ቆራርጦ የመረመረ ቡድን ከንግግር ጋር የተያያዘው ቁጥር 44 ክፍል መጠኑ ከአንዱ ሰው ወደ ሌላው እስከ አሥር እጥፍ እንደሚለያይ አሳይቷል። ለብዙ ዓመታት የነርቭ ሳይንቲስቶች ሲጠቀሙበት የኖሩት የታላይራክ አትላስ ራሱ የተመሠረተው በአንዲት አረጋዊት ፈረንሳዊት አንጎል ላይ ነው። እንዲያም ሆኖ ለመጀመሪያው ጥያቄ መልሱ ጥሩ መልስ ነው፤ ስፋቱን ካልረሳን።

ጥሩ መሆኑ የሚታየው ከውጭ ወደ ውስጥ ስንሄድ ነው። መድኃኒት ያልረዳቸውን የድብርት ሕሙማን በማግኔት ማነቃቂያ ማከም በአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ዘንድ ከ2008 ጀምሮ ተፈቅዷል፤ ማግኔቱ የሚያነጣጥረው በግንባር ግራ ወገን ባለ የአንጎል ክፍል ላይ ነው። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ቦታው የሚገኘው እጅን የሚያንቀሳቅሰውን ነጥብ ፈልጎ ከዚያ 5 ሴንቲሜትር ወደፊት በመሄድ ነበር። በ2001 ይህ ልማድ በኤምአርአይ ሲፈተሽ ከ22 ሰዎች መካከል ማግኔቱ ትክክለኛው ክፍል ላይ ያረፈላቸው 7 ብቻ ሆኑ። አምስት ሴንቲሜትር ለትንሽ ራስ ብዙ፣ ለትልቅ ራስ ጥቂት ነው። ከዚያ በኋላ ብዙ ሐኪሞች የዞሩት ወደ ኤፍ3፣ ማለትም ወደ ጃስፐር መቶኛ ነው። ይህን ያነሣሁት ለካርታው ፍትሐዊ ለመሆን ነው። ማግኔት ለሚያነጣጥር ወይም የራስ ቅል ለሚከፍት ሰው "ከዚህ ሥር ምን አለ?" የሚለው ጥያቄ ትክክለኛ ጥያቄ ነው፤ ካርታውም ትክክለኛ መሣሪያ። ኢኢጂ የሚያነበው ሰው ጉዞ ግን ተቃራኒ ነው፤ እሱ ከውስጥ ወደ ውጭ የወጣን ነገር ይዞ መነሻውን ይፈልጋል፤ በዚህ አቅጣጫ መንገዱ ቀጥ ያለ አይደለም።

ቀጥ ያላደረጉት ነገሮች የታወቁ ናቸው። ኢኢጂ የሚሰማው አንድን የነርቭ ሕዋስ አይደለም። ብዙ ሚሊዮን ሕዋሳት ጎን ለጎን ተደርድረው በአንድ ጊዜ ሲሠሩ የሚፈጠረው ኤሌክትሪክ ነው ተደምሮ የሚሰማው። ይህ ኤሌክትሪክ ከአንጎሉ ገጽ ሲነሣ መጀመሪያ የሚያገኘው ኤሌክትሪክን በደንብ የሚያስተላልፍ ፈሳሽ ነው፤ ቀጥሎ በደንብ የማያስተላልፍ አጥንት፤ ከዚያ ቆዳ። ፈሳሹ ወደ ጎን ይበትነዋል፣ አጥንቱ ያዳክመዋል፤ ቆዳው ላይ ሲደርስ የቮልት ሚሊዮንኛ ጥቂት አሥሮች ብቻ ይቀራሉ፣ እነሱም ሰፊ ቦታ ላይ ተነጥፈው። ከቀዶ ሕክምና በፊት በሚደረግ ምርመራ ከአንጎሉ ገጽና ከቆዳው ላይ በአንድ ጊዜ የተወሰዱ መዝገቦች እንዳሳዩት፣ የሚጥል በሽታን የሚያመለክተው ሹል ሞገድ በቆዳ ላይ በአብዛኛው የሚታየው 10 ካሬ ሴንቲሜትርና ከዚያ በላይ የሆነ የአንጎል ገጽ በአንድነት ሲሳተፍ ነው። ጎኑ ከ3 ሴንቲሜትር በላይ የሆነ አራት ማዕዘን ማለት ነው፤ ከዚያ ያነሰው አብዛኛውን ጊዜ ሳይታይ ያልፋል። በዚያ ላይ አንድ ኤሌክትሮድ ብቻውን ምንም አይለካም። የሚለካው በእሱና በሌላ ኤሌክትሮድ መካከል ያለውን የቮልቴጅ ልዩነት ነው፤ ማነጻጸሪያው ጆሮ ላይ ሲሆን የታየው ሞገድ ማነጻጸሪያው ወደ አናት ሲዞር መልኩን ይለውጣል። "ኤፍ3 ላይ ይህን አየን" የሚል ሰው ከምን ጋር አነጻጽሮ እንዳየው ካልነገረን ግማሹን ብቻ ነው የነገረን።

ከሁሉም የከፋው ግን የአቅጣጫ ጉዳይ ነው፤ እዚህ ላይ ረጋ ማለት ያስፈልጋል። የአንጎል ገጽ የተጨማደደ ነው፤ ከግማሽ የሚበልጠው በእጥፋቶቹ ውስጥ ተደብቋል። ኤሌክትሪክ የሚያመነጩት ሕዋሳት ለገጹ ቀጥ ብለው ስለሚቆሙ፣ በእጥፋቱ አናት ላይ ያሉት ወደ ራስ ቅሉ ሲያቀኑ በእጥፋቱ ግድግዳ ላይ ያሉት ወደ ጎን ያቀናሉ። የእጅ ባትሪ የያዘ ሰው በግራው ግድግዳ አጠገብ ቆሞ ወደ ቀኝ ቢያበራ ብርሃኑ የሚታየው ቀኙ ግድግዳ ላይ ነው፤ ውጭ ሆኖ በመጋረጃው ላይ ብርሃኑን ብቻ የሚያይ ሰው ባትሪው ቀኝ በኩል ያለ ይመስለዋል። በአንጎልም ልክ እንዲህ ይሆናል። ሰው ድምፅ ሲሰማ፣ ከአንድ ሰከንድ አንድ አሥረኛ ያህል በኋላ በኢኢጂ ላይ ጉልህ ሞገድ ይነሣል፤ ይህ ሞገድ ከሁሉም ጎልቶ የሚታየው አናት አካባቢ፣ ከሲ-ዜድና ከፊቱ ባሉት ነጥቦች ላይ ነው። በካርታው ከሄድን ሰው የሚሰማው በአናቱ ነው ልንል ነው። ከአናቱ ሥር ያለው ክፍል ግን የእግርን እንቅስቃሴ የሚመራ ነው እንጂ ከመስማት ጋር ጉዳይ የለውም። ሞገዱ የሚመነጨው ከሁለቱም ጆሮዎች በላይ፣ በጎንዮሹ የአንጎል ክፍል የላይኛው ገጽ፣ በጥልቅ እጥፋት ውስጥ ነው፤ ገጹ ወደ ላይ ስለሚያይ የግራውም የቀኙም አናት ላይ ይገናኛሉ። ከጆሮው በላይ ያለው ቲ3 ከምንጩ ጋር እጅግ ቀርቦ ሳለ የሚሰማው ጥቂት ነው።

ሌላው ምሳሌ ጭራሽ ግራና ቀኝን ያምታታል። ከዓይን ፊት ያለው የግራ እኩሌታ የሚደርሰው ወደ ቀኙ የአንጎል ኋለኛ ክፍል እንደሆነ በሕክምና ትምህርት ቤት በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ይማሩታል። በ1976 የለንደን ተመራማሪዎች ለፈቃደኞች በግራ እኩሌታ ብቻ የሚገላበጥ የዳማ ሰሌዳ ዓይነት ምስል እያሳዩ ከኋላ በኩል ባሉ ኤሌክትሮዶች መዘገቡ፤ ዋናው ሞገድ ጎልቶ የተገኘው በራሱ በግራው ወገን ነበር። ማንም አላበደም፣ ማሽኑም አልተበላሸም። የቀኙ የእይታ ክፍል በሁለቱ የአንጎል ወገኖች መካከል ባለው ስንጥቅ ውስጥ ወደ ግራ ዞሮ ስለሚገኝ ኤሌክትሪኩን የሚልከው ወደ ማዶ ነው። ለእግር ነርቭ የሚሰጠው ምርመራም በተመሳሳይ ምክንያት እንዲሁ ያደርጋል። እነዚህን ክስተቶች ሙያው ካወቃቸው ሃምሳ ዓመት ሊሆን ነው፤ ማብራሪያ የተለጠፈበት ሥዕል ግን አንዳቸውንም አይዝም።

ይህ የቤተ ሙከራ ጣጣ ብቻ ቢሆን ለጋዜጣ አይበቃም ነበር። በልጆች ላይ በብዛት ከሚታዩት የሚጥል በሽታ ዓይነቶች አንዱ በእንቅልፍ ጊዜ አፍንና ፊትን የሚያንቀጠቅጠው፣ አብዛኞቹ ልጆች ጉርምስና ሲደርሱ የሚላቀቁት ነው። በዚህ በሽታ ከጆሮ በላይ ባሉት ኤሌክትሮዶች አካባቢ አሉታዊ ሹል ሞገድ ሲታይ፣ በዚያችው ቅጽበት በግንባር በኩል አዎንታዊ ሞገድ ይታያል። ሁለቱ የአንድ ምንጭ ሁለት ጫፎች ናቸው። በየኤሌክትሮዱ ስም ብቻ የሚያነብ ሰው ግን በጎንም በፊትም ሁለት የታመሙ ቦታዎች አሉ ብሎ ሊጽፍ ይችላል፤ እናትና አባትም ቀላሉን በሽታ ከባድ አድርገው ይዘው ይሄዳሉ። በተቃራኒው፣ በጎልማሶች ላይ በብዛት የሚጥል በሽታ የሚነሣበት ሂፖካምፐስ የተባለው ክፍል በጥልቁ ተደብቆ ስለሚገኝ፣ እዚያ ውስጥ ብቻ የቀረ ሹል ሞገድ ከቆዳው ላይ በአብዛኛው አይታይም፤ ነጥቡ ጸጥ ማለቱ ከሥሩ ያለው ሰላም ነው ማለት አይደለም። ጡንቻና ዓይንም አሉ። ከግንባር ላይ ባሉት ኤሌክትሮዶች የሚታየው ትልቁ ነገር ብዙውን ጊዜ የዓይን መርገብገብ ነው፤ ቲ3ና ቲ4 የተቀመጡት ደግሞ ልክ በማኘኪያ ጡንቻ ላይ ነው። በ2007 የአውስትራሊያ ተመራማሪዎች ጡንቻቸው በመድኃኒት ሽባ ከተደረገ ንቁ ፈቃደኞች ኢኢጂ ሲወስዱ፣ በሰከንድ ከ20 ጊዜ በላይ የሚመላለሰው ሞገድ ክፉኛ ወርዶ አገኙት፤ በቆዳ ላይ ሲታይ የነበረው አብዛኛው የጡንቻ ኤሌክትሪክ ነበር። በግንባር ላይ የሚታሰር ቀበቶ እየሸጡ የፊተኛውን አንጎል ትኩረት እንለካለን ለሚሉ ይህ ጥናት ከባድ ጥያቄ ነው።

እዚህ ላይ አንድ የነርቭ ሐኪም ሊቆጣ ይችላል፤ ቁጣውም መሠረት አለው። ኢኢጂ ለዘጠና ዓመታት ቦታ ሲያመለክት ኖሯል ይላል። እውነት ነው፤ በ1936 ተመራማሪው ግሬይ ዎልተር ለንደን ውስጥ የአንጎል እጢ ያለበትን ቦታ በዙሪያው ከሚነሡት ዝግተኛ ሞገዶች ለይቶ አውቋል። ጃስፐር ራሱም ከቀዶ ሐኪሙ ከዋይልደር ፔንፊልድ ጋር ሆኖ የብዙ ሰዎችን የሚጥል በሽታ መነሻ ፈልጓል። ግን ሥራቸውን ጠጋ ብሎ ላየው፣ እነዚህ ሰዎች የሚያነቡት የነጥቡን ስም አልነበረም። ጎረቤታሞች ኤሌክትሮዶችን በጥንድ በጥንድ እያነጻጸሩ ሞገዱ አቅጣጫውን የሚገለብጥበትን ስፍራ ይፈልጉ ነበር፤ የጉልበቱን አወራረድ ያዩ ነበር፤ አሉታዊው የት፣ አዎንታዊው የት እንደወደቀ ያመዛዝኑ ነበር። ጃስፐርና ፔንፊልድማ በቆዳው ላይ ባዩት አልረኩም፤ ራስ ቅሉ ከተከፈተ በኋላ ኤሌክትሮዶቹን በቀጥታ አንጎሉ ላይ አኑረው እንደገና ይመዘግቡ ነበር። ካርታውን የሠራው ሰው ራሱ ካርታው ብቻውን አይበቃም ብሎ ከሠራ፣ እኛ ከእሱ የበለጠ ልናምነው አይገባም። ሲቲ ስካን በ1970ዎቹ ሲመጣም እጢ የመፈለግ ሥራ ከኢኢጂ እጅ ወዲያው ወጣ። ሐኪሙ የሚከላከለው ልምድ የተከበረ ነው፤ እኔ የምቃወመው ሐኪሙ ከዚያ ልምድ ውስጥ ቆርጦ ለሌላው የሚሰጠውን፣ "ኤፍ ማለት ፊት፣ ፒ ማለት ላይ" የሚለውን አቋራጭ ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከኮምፒውተር ሰዎች ይመጣል፤ ስሌቱ ዛሬ ተራቅቋል፣ ምንጩን ወደኋላ ቆጥሮ ያገኘዋል ይላሉ። ሳይንቲስቱ ኸርማን ፎን ሄልምሆልትዝ በ1853 እንዳሳየው ግን በውጭ ያለውን ኤሌክትሪክ ብቻ ይዞ በውስጥ ያለውን ምንጭ አንድና አንድ አድርጎ ማግኘት በሒሳብ አይቻልም፤ ያንኑ ውጤት የሚሰጡ ቁጥር ስፍር የሌላቸው አሰላለፎች አሉ። ስለዚህ ፕሮግራሙ ሁሉ ከራሱ ግምት ይጨምራል፤ ምንጮቹ ጥቂት ናቸው፣ ወይም ለስላሳ ሆነው ተዘርግተዋል፣ ወይም አጥንቱ ይህን ያህል ያስተላልፋል ብሎ። ለረጅም ዘመን አጥንት ከአንጎል 80 ጊዜ ያነሰ ያስተላልፋል ተብሎ ሲሰላ ነበር፤ በኋላ የመጡ ልኬቶች ቁጥሩን በብዙ አወረዱት። ግምቱ ጥሩ ከሆነ ውጤቱ ይሠራል፤ ይህን አልክድም። በ2011 ከጄኔቫ የወጣ ጥናት ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸውን 152 የሚጥል በሽታ ሕሙማን መርምሮ፣ ከ128 እስከ 256 ኤሌክትሮዶችና የታካሚው የራሱ ኤምአርአይ ሲኖር ስሌቱ 84 በመቶ የማግኘት፣ 88 በመቶ የመለየት ብቃት እንዳለው አሳየ። ከ32 ባነሱ ኤሌክትሮዶችና በተዘጋጀ አማካይ ራስ ሲሰላ ግን ቁጥሮቹ ወደ 57ና 59 ወረዱ። ይህ ሁለተኛው ከሳንቲም ውርወራ ብዙም አይርቅም። የኮምፒውተር ሰዎቹ ትክክል የሚሆኑት ውድ በሆነው መንገድ ሲሄዱ ነው፤ ገበያ ላይ ያለው ግን ርካሹ ነው፤ 19 ነጥብ፣ የሌላ ሰው ራስ፣ ቀይና ሰማያዊ ቀለም። በነገራችን ላይ ያ ቀለም ራሱ በነጥቦቹ መካከል ያለውን ሰባት ሴንቲሜትር ባዶ ቦታ ኮምፒውተሩ በግምት የሞላበት ነው፤ ማንም እዚያ ላይ ምንም አልለካም። በ1997 የአሜሪካ የነርቭ ሕክምና አካዳሚና የሙያው ማኅበር በጋራ ያወጡት ግምገማ እንዲህ ያለው በቁጥር የተቀናበረ የኢኢጂ ካርታ በፍርድ ቤት ክርክር እንዲቀርብ አልመከረም።

ሦስተኛው ተቃውሞ ከአገራችን የሚነሣ ነው፤ ከሁሉም በላይ የሚከብደኝም እሱ ነው። ኤምአርአይ በጥቂት ከተሞች በሚገኝበትና የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው ከሐኪም ይልቅ መጀመሪያ ጠበል በሚሄድበት አገር፣ ስለ ሚሊ ሜትር መሟገት ቅንጦት ነው ሊባል ይችላል። ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው በ1990 ባሳተሙት የቡታጅራ ጥናት ከአንድ ሺህ የገጠር ነዋሪዎች አምስት ያህሉ የሚጥል በሽታ እንዳለባቸው አግኝተዋል፤ ያን ጊዜም ኢኢጂ ከመሣሪያዎቹ አንዱ ነበር። ለእነዚህ ሰዎች 19 ኤሌክትሮድ ትልቅ ነገር ነው፤ ይህን አቃልለን የምናየው አይደለም። ነገር ግን ክርክሩ ወደ እኔ ያዘነብላል። ሌላ ምርመራ ባለበት አገር የተሳሳተ የኢኢጂ ንባብ በኤምአርአይ ይታረማል፤ በሌለበት ግን ወረቀቱ ላይ የተጻፈው የመጨረሻ ቃል ሆኖ ይቀራል፣ መድኃኒትም ለዓመታት የሚወሰደው በእሱ ነው። መሣሪያ ባነሰ ቁጥር ንባቡ ይበልጥ ቁጥብ መሆን አለበት እንጂ ይበልጥ ደፋር መሆን የለበትም።

ቁጥብ ንባብ ደግሞ ገንዘብ አይጠይቅም። የኢኢጂ ውጤት የሚጽፍ ባለሙያ ሞገዱ በየትኞቹ ኤሌክትሮዶች ላይ ጎልቶ እንደታየ፣ ከምን ጋር ተነጻጽሮ እንደሆነ፣ ተቃራኒው ጫፍ የት እንደወደቀ ይጻፍ፤ "ከግራው ጎንዮሽ የአንጎል ክፍል የመነጨ" የሚለውን ግን ሌላ ማስረጃ ሲኖረው ብቻ ይጻፍ። ዓለም አቀፉ የሙያው ፌዴሬሽን በ2017 ከ19ኙ ነጥቦች በተጨማሪ በጎን በኩል ከእነሱ ዝቅ ብለው የሚቀመጡ ስድስት ኤሌክትሮዶች እንዲታከሉ መክሯል፤ የጎንዮሹን አንጎል የታችኛ ክፍል የተሻለ ስለሚሰሙ ነው። 32 መግቢያ ላለው ዲጂታል ማሽን ይህ የስድስት ሽቦ ጉዳይ ነው። የጸጉርም ነገር አለ። ሹሩባ በተሠራች ሴት ራስ ላይ የተለካው ነጥብ ጉንጉኑ ላይ ሲወድቅ ኤሌክትሮዱ ወደ ጎን ይገፋል፣ ወይም ቆዳውን ሳይነካ በጸጉር ላይ ይንሳፈፋል፤ ያን ጊዜ ጃስፐር የለካው መቶኛም፣ የኤምአርአዩ 8 ሚሊ ሜትርም ዋጋ ያጣሉ፣ ወረቀቱ ላይ ግን ያው ሲ3 ተብሎ ይጻፋል። በፒትስበርግ የካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2020 ያቀረቡት መፍትሔ ሹሩባው ራሱ የ10-20ን መስመር ተከትሎ እንዲጎነጎንና ኤሌክትሮዱ በጉንጉኖቹ መካከል በመቆንጠጫ እንዲያዝ የሚያደርግ ነው። ለቀጠሮ የምትመጣ ታካሚ ሹሩባዋን ፈትታ ወይም በዚያ መልክ አሠርታ እንድትመጣ አስቀድሞ መንገር፣ ካልሆነም ኤሌክትሮዱ ስንት ሴንቲሜትር ወዴት እንደተገፋ በውጤቱ ወረቀት ላይ መጻፍ ማንኛውም የኢኢጂ ክፍል ከነገ ጀምሮ ሊያደርገው የሚችለው ነው።